ሲሞቅ የሚቀንስ ቁጥር

የያዙኝ ከዲጋ ወደ ነቀምቴ ስመለስ ኬላው ላይ ነው። ፈታሹ ቦርሳዬን ከፍቶ ናስትሮ የተጠቀለለባቸው ረጃጅም ሽቦዎች ሲያይ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ አስወረደ። እኔ ሳቅሁ። የቡና ጆንያ ውስጥ የሚገባ ሙቀት መለኪያ እንደዚህ ያስፈራል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ሥራዬ ኤሌክትሮኒክስ ጥገና ነው። ዲጋ ያሉ አንዲት የመጋዘን ባለቤት፣ እርጥበት ያለው ቡና ጆንያው መሃል ላይ እየጋለ እንደሚበላሽባቸው ነግረውኝ ነበር። ገና ከውጭ ሳይታወቅ የሚነግራቸው ነገር እየሠራሁላቸው ነበር።

ያሰሩኝ ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ነበር፤ እኔ አሥራ ሁለተኛ ሆንኩ። መስኮቷ ከአንድ ደብተር አትበልጥም። ግድግዳው ሥር የተኙ አንድ ሽማግሌ የቡና ገበሬ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ “ኮቱ፣ ኢልማ ኮ፣ እዚህ ና ልጄ” አሉኝ። ያችን ስንዝር ቦታ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

በማግስቱ መርማሪው ሽቦዬን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“ሴንሰር ነው። ሙቀት ይሰማዋል።”

“ተሰምቶትስ ለማን ይነግራል?”

“ለማንም። ሙቀቱ ሲለዋወጥ በውስጡ የሚያልፈው ኤሌክትሪክም ይለዋወጣል፤ እሱን በቴስተር በቁጥር እናነባለን። አንዱን ነገር ወደ ሌላ የሚለውጥ መሣሪያ በእኛ ሙያ ትራንስዱሰር ይባላል። ለምሳሌ ማይክራፎን ድምፅን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል።”

መርማሪው ቀና አለ። “ማይክራፎን” ብሎ ጻፈ። በዓለም ላይ ስንት ምሳሌ ሞልቶ! ሚዛን ማለት እችል ነበር፤ የመኪና የነዳጅ ጌጅ ማለት እችል ነበር። ምላሴን ብነክሰው በወደድኩ።

ስህተቴን ላርም ብዬ፣ “በእጅዎ ይያዙትና ቴስተሩን ይዩ” አልኩት። ጨበጠው። ቁጥሩ ከአሥር ተነስቶ ወደ ሰባት ወረደ።

“እጄ ይሞቃል። ቁጥሩ ግን ቀነሰ። ሙቀት መለኪያ ነው አላልክም?”

“ይሄኛው ዓይነት ሲሞቅ የሚቀንስ ነው። ቁጥሩ ራሱ ሙቀቱ አይደለም፤ ሽቦው ለኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ነው የሚያሳየው። ሲሞቅ ይለቅለታል።”

“ሲሞቅ የሚቀንስ” አለና ሳቀ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ሦስት ጊዜ አስረዳሁት፤ በሦስተኛው ድምፄ ከፍ ስላለ ወደ ክፍሌ መለሱኝ።

በአራተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ሽማግሌው ይንቀጠቀጡ ጀመር። ጋቢያችንን ሁሉ ደረብንላቸው፤ ጥርሳቸው ግን መንገጫገጩን አልተወም። ወባ መሆኑ ለማንም አይጠፋም። በሩን ደበደብኩ።

ጠባቂው በቀዳዳው አየኝና፣ “ሁላችሁም አሞኛል ነው የምትሉት። ትኩሳት እንዳለው በምን ለካኸው?” አለኝ።

በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ። “መለኪያዬ አለቃህ ጠረጴዛ ላይ ነው! አምጡትና ልለካቸው!” አልኩ። መርማሪው እስኪመጣ ድረስ በሩን መደብደብ አላቆምኩም።

መርማሪው ሽቦውንና ቴስተሩን ይዞ መጣ፤ ለመሳለቅ ይመስለኛል። “እስቲ ማይክራፎንህን እንየው” አለ።

መጀመሪያ እኔ ብብት ውስጥ ከተትኩት። ቁጥሩ ወርዶ ስድስት ላይ ቆመ። “ጤነኛ ሰው ይሄ ነው” አልኩት። ከዚያ ሽማግሌው ብብት ውስጥ አደረግሁት። “ጃባዳ፣ አባ፤ አይዞዎት፣ ትንሽ ይታገሱ” አልኳቸው። ቁጥሩ አምስት ነጥብ ሦስት ላይ እስኪረጋ ጠበቅን።

መርማሪው ጎንበስ ብሎ አነበበ።

“ቀንሷል” አለ በዝግታ። “በጣም ግለዋል ማለት ነው።” ዞሮም፣ “ፒካፑን አስነሱ!” አለ።

ሽማግሌውን ደግፈው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው። ያኔ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ፤ በማግሥቱ የምወጣ መስሎኝ ነበር።

በዚያው ቀን መርማሪው ቢሮው ጠራኝና የቃል ወረቀቴን አቀረበልኝ። “ድምፅ ለማስተላለፍ የሚያገለግል መሣሪያ ይዤ ተገኝቻለሁ” ይላል። ፈርም፣ ነገ ዋስ ጠርተህ ትወጣለህ አለኝ።

“አሁን እርስዎ ራስዎ ቁጥሩን አንብበውት!”

“እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።”

እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። ከጽሑፉ ሥር፣ “ይህ ሙቀት መለኪያ ነው። መርማሪው በዓይናቸው አይተዋል” ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። አነበበው፣ ቀደደው፣ ወደ ክፍሌም መለሰኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ወር ከሳምንት ተቀመጥኩ፤ የተለቀቅኩትም ምንም ሳይባል ነው።

ሽማግሌው ድነው ወደ መንደራቸው መግባታቸውን በኋላ ሰማሁ፤ በዚህ ልቤ ያርፋል። ዛሬም ነቀምቴ እሠራለሁ። መርማሪውን አንዳንዴ ገበያ ላይ አየዋለሁ፤ ሰላምታ ይሰጠኛል፣ እኔም አጸፋውን እመልሳለሁ። አልገባውም ነበር ብዬ ይቅር ልለው ብዙ ሞክሬያለሁ። ግን ገብቶት ነበር።