የምትፈላውን ፔዦ ይዘን ረጃፍ

ሸሪካት፣ ንጋት 12 ሰዓት

አባቴን ደግፌ ፔዦዋ ውስጥ አስገባሁት። እግሩን ከታመመ ወዲህ ከቤት የሚወጣው በእሷ ብቻ ነው። ሞተር ብስክሌት ላይ መቀመጥ አይችልም፤ የሰው መኪና ደግሞ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። «እሷ ከቆመች እኔም ቆምኩ» ብሎኛል፤ ያለውን ያደርጋል።

ፔዦዋ በዕድሜ በሃያ ዓመት ትበልጠኛለች። ሦስት ወር ሙሉ እየፈላች አስለቀሰችኝ። የውሃ ፓምፕ ቀየርኩ፣ የሞተሩን ቀበቶ፣ ቺንጋውን ቀየርኩ፣ ተርሞስታት ቀየርኩ። ያው ናት። አሁን የቀረኝ ረጃፍ ያለ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነው።

የነጭ ዓባይ ድልድይ፣ 12:40

የጭነት መኪና፣ አቧራ፣ ክላክስ። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይወጣል። አንድ አበሻ የውሃ ቦቴ ሹፌር አንገቱን አወጣ።

«እህቴ፣ ሻዩ ከደረሰ አንድ ቅጂልኝ!»

«ውረድና ራስህ ቅዳ!»

አባቴ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ሎሎጎ፣ 1:30

ቆምን። ፍየሎች መንገዱ መሃል ተኝተዋል። አንዲት ሴት አንድ ጀሪካን ውሃ በምሳ ዋጋ ሸጠችልኝ። የራዲያተሩን ክዳን ልከፍት ስል «ይብረድ እንጂ! ፊትሽን ሊልጥሽ ነው» አለ አባቴ። አንድ ሰዓት ቁጭ አልን። ቁጭ ማለት አልወድም።

ረጃፍ፣ 4 ሰዓት

ዓሣ የተንጠለጠለበት እንጨት፣ ከማዶ ነጭ ዓባይ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር መካኒኩ ጋትሉዋክ። ጋምቤላ ያደገ ነው፤ አማርኛው ከእኔ ይሻላል። የራዲያተሩን የታች ቱቦ ነቀለ። ውሃ አልመጣም። ግራጫ ነገር ዱብ አለ። አሸተተው።

«ዳ ሹኑ? ምንድን ነው ይሄ? ገንፎ ነው?»

«በሶ ነው» አለ አባቴ፣ ከመኪናው ሳይወርድ።

ዞርኩ።

«ትንሽ ታንጠባጥብ ነበር። ድሮ በረሃ ላይ በሶ ስንጨምርባት ቀዳዳው ይደፈናል። ጠዋት ጠዋት፣ አንቺ ልብስ ስትለብሺ፣ አንድ እፍኝ ብቻ... እንዳታለቅሺ ብዬ ነው።»

አንድ እፍኝ፣ በየቀኑ፣ ሦስት ወር። ልጮህበት አፌን ከፈትኩ። ከዘራውን በሁለት እጁ ጨብጦ ሲያየኝ ግን ወደ መካኒኩ ዞሬ «ፍታው» አልኩት።

ጋትሉዋክ ቴስታውን፣ የሞተሩን የላይ ክዳን፣ እስኪፈታ ቀትር ሆነ። ከሙቀቱ የተሰነጠቀበትን በጥፍሩ አሳየኝ።

«ራዲያተሩ ይታጠባል። ይሄን ግን ከየት አመጣለሁ? ዕቃው የለም። ካላስ፣ በቃ፣ እህቴ።» ወደ አባቴ ጎንበስ አለ። «አባባ፣ ሞተር እኮ ቁርስ አይበላም።»

ማንም አልሳቀም።

ሸሪካት፣ 10 ሰዓት

አሸዋ የጫነ መኪና በገመድ ጎትቶ አመጣን። እኔ መሪና ፍሬን ይዤ፣ ቴስታው በጆንያ ተጠቅልሎ ከኋላ። ቤታችን በር ላይ ገመዱን ፈቱልን። ዞሬ የመኪናዋን በር ከፈትኩለት፣ እጄን ዘረጋሁ።

«አባዬ፣ ደርሰናል። ውረድ።»

«ወርጄ የት ልሄድ?» አለኝ።