እናቴ ውኃ የማትጠጣበት ሰዓት

የእናቴን በሽታ ለጎረቤት ማስረዳት ከማስታመሙ በላይ ያደክመኛል። «ደሟ ውስጥ ካልሲየም በዛባት» ስላቸው፣ «እሰይ፣ አጥንቷ ሊጠነክር ነው!» ይሉኛል። ምን ልፍረድባቸው፣ እኔም እንደነሱ ነበርሁ። ባለፈው ጥቅምት ገጠር፣ ኮሶዬ ካለው ቤቷ ደጅ ላይ አዳልጧት የእጇ አንጓ ሲሰበር ጎንደር እኔ ቤት አመጣኋትና በየቀኑ የካልሲየም ክኒን አስዋጥኋት፤ የፍስክ ቀን ሲሆን ደግሞ በወተት። አጥንት ነዋ የተሰበረው! እሷ ግን ሆዷ ደረቀ፣ ጉልበቷ ከዳት፣ ሰኞና ማክሰኞ ተምታቱባት። እርጅና ነው ብዬ ዝም አልሁ።

ሐኪሟ ዝም አላሉም። ደሟን ደጋግመው ካስመረመሩ በኋላ ነገሩን ነገሩኝ። አንገቷ ውስጥ ፓራታይሮይድ የሚባሉ የስንዴ ፍሬ የሚያካክሉ አራት ዕጢዎች አሉ፤ አንዱ አብጦ ካልሲየሙን ከአጥንቷ እየሳበ ወደ ደሟ ይለቀዋል። እኔ ደግሞ በላዩ ላይ ክኒን ስጨምርለት ከርሜአለሁ። ዕጢውን ቀዶ ማውጣት ነበር መፍትሔው፤ ልቧ ግን ማደንዘዣውን አይችልም አሉ።

«እንግዲህ ክኒኑን አቁሚ፤ ደሟን በየጊዜው እናያለን። ዋናው ውኃ ነው። ከጧት ጀምራ ትጠጣ። ከደረቀች ካልሲየሙ ይጨምርና ኩላሊቷም አእምሮዋም ይጎዳል።»

ውኃ! ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ሁዳዴ ሊገባ ሳምንት እንደቀረው ትዝ ያለኝ ታክሲ ውስጥ ነው። እናቴ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፏን በውኃ አርሳ አታውቅም።

ጾሙ እንደገባ የነፍስ አባቷን ከኮሶዬ ድረስ አስመጣሁ። እሳቸውም አላስቸገሩኝም፤ «ለአንቺ ውኃው መድኃኒት ነው፤ ፈትቼሻለሁ፣ ጠጪ» አሏት። መስቀላቸውን ተሳልማ «እሺ አባ» አለች። ሁለት ቀን ያለ ጭቅጭቅ ጠጣች። በሦስተኛው ቀን ጧት ብርጭቆውን ስዘረጋላት አፈጠጠችብኝ።

«ምነው ልጄ፣ ሁዳዴ አይደል እንዴ?»

«አባ ፈትተውሽ የለ፣ እማ!»

«መቼ መጥተው?»

ጨርሶ ረስታዋለች። አእምሮዋ እንዲጠራ ውኃ መጠጣት አለባት፤ ውኃ እንድትጠጣ ደግሞ አእምሮዋ መጥራት አለበት። ወጥ ቤት ገብቼ በንዴት አለቀስሁ። ከዚያ በኋላ በየጧቱ ለመንኋት፣ ተቆጣኋት፣ አኮረፍኋት። በየጧቱም ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትተኛለች።

አንድ ማክሰኞ ቀን ግን ብልጥ የሆንሁ መሰለኝ። ሸለብ ሲያደርጋት የግድግዳውን ሰዓት ሁለት ሰዓት ወደፊት አዞርሁትና ቀሰቀስኋት። «እማ፣ ዘጠኝ ሞላ።» ቀና ብላ አየችው፤ አማተበች፤ ብርጭቆውን ተቀበለችኝ። ገና አንድ ጉንጭ እንደያዘች የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ደወል ተደወለ፤ የቅዳሴ መግቢያው። በሁዳዴ ቅዳሴ ሲገባ ገና ሰባት ሰዓት መሆኑን እናቴ ከማንም በላይ ታውቃለች። የያዘችውን ውኃ መሬት ላይ ተፋችው።

«ጾሜን ልታስፈቺኝ?» አለችኝ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

የነፍስ አባቷን እንደገና አስመጣኋቸው። ቃላቸውን ፊት ለፊቷ ደገሙላት። ትክ ብላ አየቻቸው፤ ከዚያ በሐዘን ራሷን ነቀነቀች።

«ምነው አባ፣ እርስዎንም አሳሳተችዎ?»

የእሳቸውን መምጣት የረሳች ሴት የእኔን ውሸት አልረሳችም። አባም ግራ ገብቷቸው ሲወጡ፣ «ቀስ ብለሽ ያዣት» ብቻ አሉኝ።

አሁን ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ፣ እውነተኛው ዘጠኝ ሰዓት፣ ውኃዋን ይዤ አልጋዋ አጠገብ እቆማለሁ። ሰዓቱን ታያለች፤ ከዚያ እኔን ታያለች።

«እዚያ አስቀምጪው» ትለኛለች። «ለማንኛውም አንድ ሰዓት ልጨምርበት።»