የጢስ ኮሰረት

ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቴ ጦር ኃይሎች ካለ ሱቅ በላስቲክ የታሸገ ኮሰረት ገዝታ መጣች። ከፍቼ ባሸተው ገለባ ነው። «አፍንጫህ አርጅቶ ይሆናል» አለችኝ። ይሆናል፤ ግን ይህ አፍንጫ በጉብዝናው ወራት ኮሰረት ሥር ተኝቶ የከረመ ነው፤ በዚህ እንኳ አይታማም።

ያኔ ኮልፌ ከእትዬ ጽጌ ጋር አንድ ግቢ ነበርን። እሳቸው ጉራጌ ናቸው፤ በአጥሩ ጥግ ኮሰረት ይተክሉ ነበር። ጎጃሜዋ እናቴ ቅጠሉን ያወቀችው ከእሳቸው ነው። በዚያ ክረምት፣ አገር ቤት ያሉት አሮጊት እናታቸው እህል እምቢ አሉ የሚል ወሬ መጣ።

«ለመስቀል ሄጄ በእጄ ያነጠርኩትን ቅቤ ካላቀመስኳት አትተርፍልኝም» አሉ እትዬ ጽጌ።

ለቅቤው የደረቀ ኮሰረት ያስፈልጋል፤ ነሐሴው ደግሞ ዝናቡን አላቋርጥ አለ። ኮሰረት ነፋስ ያለው ጥላ ይወዳል። ፀሐይ ጠረኑን ይወስደዋል፣ እርጥበት ያሻግተዋል። ስለዚህ ግማሹን ከአልጋዬ በላይ በገመድ ሰቀልነው። ጠረኑ ልብሴ ላይ ቀርቶ፣ ታክሲ ውስጥ አንዲት ቆንጆ ልጅ «ክትፎ ቤት ነው የምትሠራው?» ብላ ጠየቀችኝ። ማናገሯ ብቻ ለሳምንት በቃኝ።

ሌላውን ግማሽ እናቴ ማንንም ሳትጠይቅ ማድቤት ወስዳ ከምድጃው በላይ ሰቀለችው። በአገሯ የዘር በቆሎም የሚሰቀለው እዚያ ነው። እትዬ ጽጌ አንሥተው አሸተቱና መልሰው አሸተቱት።

«ምነው እትዬ?» አለች እናቴ።

«ጢስ ጢስ ይላል፣ ብርቄ።»

እናቴ በኀፍረት አቀረቀረች። የእኔ ክፍል ኮሰረት ብቻውን ስለማይበቃ ግን እትዬ ጽጌ ቅቤውን ለየብቻ አንጥረው ሁለቱንም ይዘው ሄዱ።

ከመስቀል በኋላ ሲመለሱ ከነሻንጣቸው እኛ ቤት ገቡ። እናቴ ለመጠየቅ ፈርታ ቆማ ቀረች።

«ያንተን ቀምሳ ገፋችው» አሉኝ። «ያንቺን ግን፣ ብርቄ፣ ጣቷን ላሰችበት። ‹ይሄ የእናቴ ነው፤ በልጅነቴ ጎጇችን ውስጥ ሁሉ ነገር የሚደርቀው ከእሳቱ በላይ ነበር› አለችኝ። ከዚያ ጎመን ጨምሪልኝ አለች።»

እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ አይታቸው ለማታውቅ ሴትዮ። እኔም ደስ ብሎኝ የመገፋቴን ነገር ረሳሁት።

ይህን ለባለቤቴ ስነግራት «አንተስ እህል እምቢ ያልክ ቀን ምን እናምጣልህ?» አለችኝ። አሰብኩበት። ትልቋ ልጃችን ሽንኩርት ሳታሳርር ወጥ ሠርታ አታውቅም። ያረረ ሽንኩርት ከሸተተኝ፣ ተነሥቼ እበላለሁ።