የጆፌ አሞራው ዝውውር

ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ከተገለልሁ ወዲህ በኃላፊነት የተረከብሁት ነገር ቢኖር አንድ ጆፌ አሞራ ነው። ለጅብ ተብሎ መርዝ ከተደረገበት በድን በልቶ ጉንደ ወይን አጠገብ ወድቆ ተገኘ። አንዲት የእንስሳት ሐኪም አዲስ አበባ ወስዳ አከመችው፤ ሲድንም መልሳ አምጥታ ከዓባይ ገደል አፋፍ ላይ ለቀቀችው። ከመልቀቋ በፊት ያለበትን ቦታ የሚያሳውቅ አነስተኛ መሣሪያ በጀርባው፣ ቁጥር የተጻፈበት ቢጫ ምልክት ደግሞ በክንፉ አሰረችለት። እኔ ቢቸና ስለምኖር በስልኬ እየተከታተልሁ እንዳስታውቃት ተስማማን።

ሥራውን እንደ ሥራ ያዝሁት። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ቁርስ ከመቅመሴ አስቀድሞ፣ በስልኬ ላይ ያለችውን ነጥብ አያለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ነጥቧ ገደል ለገደል ትዞር ነበር። በኋላ ወደ ሞጣ አቀናች፤ እዚያው ቆመች።

ለሐኪሟ ደወልሁ።

«ጋሼ፣ ሞቶ ይሆናል» አለችኝ። «ካልሞተም ሰው ለምዷል ማለት ነው። ሰው የለመደ አሞራ አንድ ቀን ደግሞ መርዝ ያበሉታል። እንደዚያ ከሆነ እይዘዋለሁ፤ ዕድሜውን ሙሉ በሽቦ ቤት ይኖራል።»

ከነገ ወዲያ መረቧን ይዛ ሞጣ እንደምትደርስ ነገረችኝ። እኔ ቀድሜያት በማግሥቱ ሄድሁ።

ነጥቧ ያደረሰችኝ ከአንድ ሥጋ ቤት ደጃፍ ነው። ጆፌው አንገቱን በትከሻዎቹ መካከል ቀብሮ ቆርቆሮው ላይ ተቀምጧል። ባለ ሥጋ ቤቱ ከሥር ቢላዋ ይስላል።

«ይህ አሞራ እዚህ ከተቀመጠ ቆየ?» አልሁት።

ወደ ላይ ገልመጥ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቀስ ይበሉ፣ ጋሼ። ይሰማሉ።»

«እነማን?»

«እሳቸው ናቸዋ! የግብሩ። ባጃቸውን አያዩትም? ጀርባቸው ላይ ያለው ማሽን በቀን ስንት ኪሎ እንደሸጥሁ ይመዘግባል። ድሮ ሰው ነበር የሚልኩብን፤ ዘመኑ ተለወጠ።»

«ታዲያ አንተ ምን አደረግህ?»

«ምን አደርጋለሁ፣ እንደ ወጉ ነዋ! ጠዋት ጨጓራ፣ ከሰዓት ሳንባ። እግዜር ይስጣቸው፣ አይመርጡም።»

«ረቡዕና ዓርብስ?»

«አይጾሙም መሰለኝ። ከማክሰኞና ከሐሙስ አስቀምጥላቸዋለሁ።»

ጆፌው የለመደው ሰው አልነበረም፤ ጉቦ ነበር። መሣሪያው ስለ ግብር አንዳች እንደማያውቅ፣ የሚናገረውም ወፉ ያለበትን ቦታ ብቻ እንደሆነ በዝርዝር አስረዳሁት።

ሰውየው ዐመድ መሰለ። «ያሉበትን ቦታ? የእኔ ቆርቆሮ ላይ መሆናቸውን አለቆቻቸው አወቁብኝ ማለት ነዋ!» ወዲያው አንድ ሙሉ ሳንባ ወደ ላይ ወረወረ።

እውነቱ ነገሩን እንዳባባሰው ስመለከት ሰውየው ወደሚያምነው ቋንቋ ተሻገርሁ። ኮቴን ቆለፍሁ።

«እሳቸው ተዛውረዋል» አልሁት።

«ውይ! ወዴት?»

«ዓባይ በረሃ።»

«ዕድገት ነው ቅጣት?»

«በያዙት ደረጃ ነው።»

«የበረሃ አበልስ አለው?»

«አለው።»

እፎይ አለ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሥጋ መስጠት እንዲያቆምም ቃል አስገባሁት። የተራበ ጆፌ ወደ ገደሉ ይመለሳል ብዬ ነው። ነገር ግን በአገራችን ማንም ተዛዋሪ ያለ ሽኝት እንደማይሄድ ዘነጋሁ።

በነጋታው ስመለስ ጆፌው ከቆርቆሮው ወርዶ ግቢው ውስጥ በእግሩ ይንጎራደዳል። ደረቱ እንደ አቁማዳ ተወጥሯል። ባለ ሥጋ ቤቱ ጉበቱን፣ ጨጓራውንና ሳንባውን ባንድነት አቅርቦ ሸኝቶታል፤ ጆፌ ደግሞ ከልክ በላይ ከበላ መነሣት አይችልም። ከጀርባዬ የመኪና በር ተዘጋ። ሐኪሟ መረቧንና የቆዳ ጓንቷን ይዛ ገባች።

«ጋሼ፣ መብረርም ረስቷል እኮ።»

«ጠግቦ ነው፣ ልጄ። ጥቂት ፋታ ስጪው።»

«ፋታ ሰጥቼው፣ ዳግመኛ መርዝ በልቶ ከምቀብረው፣ ታስሮ ቢኖር ይሻላል።»

መረቧን ዘርግታ ቀረበችው። ጆፌው ወደ ግንቡ አፈገፈገ፤ አንገቱን መዘዘ፤ ከዚያም ሽኝቱን በሙሉ ጫማዋ ላይ ተፋው። ሽታው ለማየት አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ የነበረውን የሰፈር ሰው በተነው። ሸክሙ የቀለለለት ወፍ ሁለት ሦስት ጊዜ ዘለለ፣ ክንፉን መታ፣ ከቆርቆሮው በላይ ከፍ አለና ወደ ዓባይ አቀና።

ጫማዋ ተበላሸ ብዬ ስሳቀቅ ሐኪሟ ሳቀች። «ፈርቶኛል! አሞራ የሚያስመልሰው ሲፈራ ነው። ሰው የሚፈራ ከሆነ አልያዘውም።» መረቧን ጠቀለለች።

ባለ ሥጋ ቤቱ ግን እጁን በአፉ ጭኖ ወደ ሐኪሟ ጫማ ጎንበስ አለ። «የበሉትን መለሱ!» አለ። «ጋሼ፣ የበላውን የመለሰ የመንግሥት ሠራተኛ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።»

«ያልበላንም አለን» አልሁት ኮስተር ብዬ።

ዐይኑን ካለቀው የኮቴ ክርን ላይ ሳይነቅል «ያስታውቃል፣ ጋሼ» አለኝ።

እንደ ምስጋና ተቀበልሁት።