ሐዋሳ ነን ያልኩ ቀን

በተጋባን በሁለተኛው ዓመት፣ ክረምት ሲገባ፣ ከባለቤቴ ጋር አሮጌ ቪትዛችንን ይዘን ከአዲስ አበባ፣ ከጎፋ፣ ወደ ባሌ ተነሳን። ሶፍ ዑመርን ሳናይ አንመለስም ብለን ነበር። ዶዶላ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ግን ሞተሩ ፈልቶ እንፋሎት መትፋት ጀመረ። ቦኔቱን ከፍተን ዝናብ ሲደበድበን፣ አንድ ሽማግሌ ጃንጥላ ይዘው ከመንደሩ ወጡ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው።

“መኪናው ይበስብስ፤ እናንተ ምን አጠፋችሁ? ግቡ!” አሉን።

የመኪናው መለዋወጫ ዕቃ ከሻሸመኔ እስኪመጣ ሦስት ቀን እሳቸው ቤት ቆየን። አልጋቸውን ለቀውልን ከባለቤታቸው ጋር ሳሎን ውስጥ ፍራሽ አንጥፈው ተኙ። እነሱ ሙስሊም፣ እኛ ክርስቲያን ነን። በማግስቱ ሴትዮዋ ዶሮ ይዘው ክርስቲያን ጎረቤታቸው ዘንድ ሄዱ። ዶሮው እዚያው ታርዶ፣ በጎረቤታቸው ድስት ተሠርቶ መጣልን። ሴትዮዋ ራሳቸው አልቀመሱትም። አማርኛቸው ጥቂት ስለነበር ፊት ለፊታችን ተቀምጠው በእጃቸው ብሉ፣ ብሉ ይሉን ነበር። አንድ ዓይናቸው ሞራ ለብሶ ነበርና ብርጭቆ የሚያነሱት ጠረጴዛውን ዳብሰው ነው።

ስንለያይ አለቀስኩ። “አዲስ አበባ መጥታችሁ ሌላ ቦታ ብታርፉ እቀየማችኋለሁ!” አልኳቸው። ከልቤ ነበር።

ዓመት አልፎ አንድ ሰኞ ጠዋት ጎፋ ታክሲ ተሰልፌ ሳለሁ ሽማግሌው ደወሉ።

“ልጄ፣ የባለቤቴን ዓይን ላሳክም ነገ እንመጣለን። ሐኪም ቤቱ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ነው አሉን። ለእናንተ ይቀርባል?”

ቤታችን ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። በዚያው ሳምንት የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼን ራት ጠርቻለሁ። ሳሎኑ ውስጥ ፍራሽ ተነጥፎ፣ እነዚያ ሁለት የገጠር ሰዎች ከጓደኞቼ ፊት ተቀምጠው ታየኝ።

“ውይ ጋሼ፣ ሐዋሳ ነን እኮ! ሳምንቱን ሙሉ አንመለስም” አልኩ።

ተራ አስከባሪው አጠገቤ “ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!” ብሎ ጮኸ። ስልኩን በመዳፌ ሸፈንኩት።

“አይዞሽ፣ እኛ አንጠፋም። በሰላም ግቡ” አሉና ዘጉ።

ለባለቤቴ አልነገርኩትም።

ሐሙስ ዕለት ብስራተ ገብርኤል ከአንድ ፋርማሲ ስወጣ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ሴትዮዋ አንድ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኖ የባላቸውን ክንድ ይዘዋል። ተመልሼ ልገባ አሰብኩ፤ ሽማግሌው ግን አይተውኛል።

“ተመልሳችኋላ! እንኳን በሰላም ገባችሁ!” አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ቀጥለው ለሚስታቸው በኦሮምኛ ነገሯቸው። ሴትዮዋ እጃቸውን ዘርግተው “ኢንታላ ኮ!” አሉና አቀፉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

“ቤት እንሂድ፣ በእናታችሁ” ብዬ ለመንኩ።

“ነገ በጠዋት እንሳፈራለን፤ ያረፍንበትም ፔንሲዮን ተመችቶናል። ማር ይዘንላችሁ መጥተን ነበር። ስትጠፉብን ለፔንሲዮኗ ሴትዮ ሰጠናት፤ ይቅርታ አድርጊልን” አሉኝ።

ይቅርታ የጠየቁኝ እሳቸው ናቸው።

ማታ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኩት። የያዘውን ጉርሻ መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። “ፍራሹን እኔ አነጥፈው ነበር እኮ” አለኝ። የጓደኞቼን ራት ሰረዝኩት። ብሰርዘው ምን ዋጋ አለው?

ከወር በኋላ ራሴ ደወልኩ።

“ጋሼ፣ ያን ቀን ሐዋሳ አልነበርኩም።”

“ዓይኗ እኮ በራላት!” አሉኝ፣ ያልኩትን እንዳልሰማ ሰው። “ሰሞኑን መርፌ ላይ ክር ራሷ እየሰካች ነው። መቼ ነው የምትመጡት?”

እንመጣለን አልኩ። እስካሁን አልሄድንም። በየበዓሉ ይደውላሉ፤ ስማቸውን ስልኩ ላይ ሳየው ለባለቤቴ አቀብለዋለሁ።