«ይድፋሽ» የተባለችው ልጅ

ከብርቅነሽ ጋር ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ የሚባል ሰፈር አንድ ግቢ ስንኖር አሥራ ምናምን ዓመታችን ነው። ጎረቤቴ እንጂ እህቴ አይደለችም፤ ግን ሳያት ብቻ ይደክመኛል። ጎህ ሳይቀድ የሀብታሞቹ ሰፈር ዐማራት ሄዳ የሰው ቤት ስታጥብ፣ ስትተኩስ፣ የሰው ልጅ ስታባብል ትውልና፣ ስትመለስ ከነልብሷ አልጋዋ ላይ ትዘረጋለች። ባሏ ልጅቷ ገና ስትድህ ነው ሊቢያ እንደሄደ የቀረው።

ልጅቷ ህሊና ትባላለች። እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ዐረብኛዋ እንደ ውሃ የሚወርድ፣ አማርኛዋ ግን እንደኔ ጉልበት የሚከዳት። ዘፈን ላይ ሲሆን ግን፣ ወይ ጉድ! አማርኛው ከየት እንደሚመጣላት አንድዬ ይወቅ። ፌስቡክ ላይ ስትለቀው ከአዲስ አበባም ከቤይሩትም ስንት አድናቂ አፈራች። ካርቱም ሁለት የሚባለው ሰፈር ያለ የሐበሻ ምግብ ቤት ሰምቶ «ለፋሲካ መጥተሽ ዝፈኝልን» አላት። ብርቅነሽ ያን ቀን ሳቀች፤ ከስንት ጊዜዋ!

ጁምዓ ዕለት፣ እናትየው በምታርፍበት ቀን፣ ቤታቸው ብገባ ልጅቷ ዐይኗ አብጧል።

«ኸላስ፣ በቃ ኻልቶ ምንዳዬ፣ አልዘፍንም። ምግብ ቤቱም ይቅር። ሰው ጠልቶኛል» ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። አክስቷ ባልሆንም ኻልቶ ነው የምትለኝ።

አነበብኩት። «አንቺ የተረገምሽ፣ ገደልሽኝ እኮ!» ይላል አንዱ። «ጉሮሮሽ ይዘጋ፣ እንቅልፍ ነሳሽኝ!» ይላል ሌላው። ከሥር ደግሞ መዓት ሰው «ይድፋሽ አቦ!» እያለ ተሰልፏል።

ሳቄን ለቀቅኩት። ለካ ልጅት አንዷንም ሳታስቀር ቃል በቃል ወደ ዐረብኛ ገልብጣው ኖሯል።

«በግንባሬ እንድደፋ ነው የሚጸልዩት፤ ምን አደረግኳቸው?» ብላ አለቀሰች።

«አንቺ ዐረብ!» አልኳት። «ይሄ እኮ ፍቅር ነው! የኛ ሰው ሲወድሽ ይራገማል። ሲንቅሽ ነው ‹በርቺ እህቴ› ብሎ የሚያልፍሽ።»

አላመነችኝም። አልጋው ላይ ወደተጋደመችው እናቷ ዞረች።

«እውነት ነው ማማ? ሰው የሚወደውን ይሰድባል?»

«ይሰድባል ልጄ» አለች ብርቅነሽ፣ ዐይኗን ሳትገልጥ።

ልጅቷ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ታዲያ አንቺ ለምን አንድ ቀን እንኳ ሰድበሽኝ አታውቂም?»

እውነቷን ነው። ከግድግዳው ወዲያ ስሰማ የኖርኩት «በላሽ? በሩን ዝጊ፤ ያላ፣ ተኚ» ሲባል ብቻ ነው። ብርቅነሽ ተነስታ ተቀመጠች።

«ደክሞኝ እኮ ነው ልጄ» አለች።

ህሊና ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች።

ለፋሲካ ሄዳ ዘፈነች። ቤቱ ሙሉ ሰው ቆሞ «ይድፋሽ!» እያለ ጮኸላት፤ እኔም እያለቀስኩ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ረገምኳት። እሷ ግን እየዘፈነች በሩን በሩን ታያለች። እናቷ አልመጣችም። እሑድ ዐማራት የሥራ ቀን ነው።