የጠዋቱ ብርጭቆ

ሰፈሩ የሚያውቀው «ጋሽ ሞልቶ» እያለ ነው። ወተት ሲሰፍር አረፋውን እፍ ብሎ ገፍቶ፣ የጎደለውን ሞልቶ ስለሚሰጥ የወጣለት ስም ነው። ሱቁ ከመኖሪያ ቤቱ ጋር በአንድ በር የተያያዘች ጠባብ ክፍል ናት። ጠዋት ወተቱ ፈልቶ ሲወርድ አንድ ብርጭቆ ይቀዳና ተሰልፈው በሚጠብቁት ደንበኞች ፊት ጭልጥ ያደርጋል። ይህን የጀመረው በአካባቢው ውሃ የተቀላቀለበት ወተት ይሸጣል የሚል ወሬ በተነዛ ጊዜ ነው። ወሬው ከጠፋ ቆየ፤ ልማዱ ግን አልቀረም። እሱ ሳይጠጣ ጆጉን የሚዘረጋ ደንበኛ የለም።

ሚስቱ ደግሞ ወተት አትወድም። አትወድም ሲባል ለወጉ ያህል አይደለም፤ ገና ሽታው ሲመጣ አፍንጫዋን በሻሿ ጫፍ ይዛ ወደ ጓሮ ትሸሻለች። «ወተት ነጋዴ አግብታ!» እያሉ ሲስቁባት ኖረዋል። እሷም «ያገባሁት ሰውየውን ነው፣ ድስቱን አይደለም» ትላቸዋለች።

ዕድሜው ገፋ ሲል ጋሽ ሞልቶን ሆዱ ያስቸግረው ጀመር። ሽያጩ ጋብ ሲል ሆዱ ይነፋል፣ ይጮኻል፣ ይቆርጠዋል፤ ከዚያ ሱቁን ጥሎ ወደ መጸዳጃ ቤት ነው። ጎመኑን ጠረጠረ። ቃሪያውን ጠረጠረ። ብርዱን፣ አዲሱን ቀበቶውን ሳይቀር ጠረጠረ። ወተትን ግን እንዴት አድርጎ ይጠርጥር? ለሆድ መድኃኒት ነው እያለ ሲሸጥ የኖረ ሰው እኮ ነው። እንዲያውም እንዲሻለው ብሎ ማታ ማታም አንድ ብርጭቆ ጨመረ። ሲብስበት ብርጭቆውን በትልቅ ኩባያ ለወጠው። እንዲህ ያለው ሞኝነት ከወተት ነጋዴ በቀር ከማንም አይመጣም።

ሚስቱ እየከሳ ሲሄድ እያየች ዝም ማለት አልሆነላትም። ክንዱን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሟ የሚበላውንና የሚጠጣውን ጠየቀችው፤ ወተቱን ብቻ ትቶ ሁሉንም ዘረዘረላት።

«ወተቱስ?» አለች ሚስቱ።

«እሱ ደግሞ ምን ይቆጠራል? ሥራዬ ነው እኮ።»

ሐኪሟ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «እስቲ ለሁለት ሳምንት ይተዉትና እንየው» አለችው።

ደንበኛ ፊት ሳይጠጣ መሸጥ አይሆንለትምና ሱቁን ቀለም አስቀባለሁ ብሎ ዘጋ። ቀለሙ ሳይደርቅ ሆዱ ጸጥ አለ። ለመሞከር አንድ ብርጭቆ ሲጠጣ ደግሞ ያው ጩኸት ተመለሰ። ሐኪሟም አስረዳችው፦ «ወተት ውስጥ በተፈጥሮው ስኳር አለ። ያንን የሚፈጭልዎት ነገር ከዕድሜ ጋር ቀንሶብዎት ነው። ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል፣ የሚያስፈራ አይደለም።»

«እኔ ስኳር ጨምሬበት አላውቅም» አለ ቅር ብሎት።

«አውቃለሁ አባቴ። እርጎ በትንሽ በትንሹ ይሞክሩ፣ እሱ ሊስማማዎት ይችላል። ብርጭቆ ሙሉ ወተቱን ግን ለደንበኞችዎ ይተዉላቸው።»

ወደ ቤት ተመለሱ። በሩ ላይ ሲደርሱ፣ «እኔ ያልጠጣሁትን ማን ይገዛኛል?» አለ።

«እውነቱን ንገራቸው።»

«ወተት ሻጭ ወተት አመመኝ ይላል? ሰምተው ወደ ሌላ ሱቅ ነው የሚሄዱት።» ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ሰውየው ከዚህች ሱቅ ሌላ የሚያውቀው ዓለም የለውም፤ እሷም ይህን ታውቃለች።

በማግስቱ ሱቁ ተከፈተ። ሰልፉ ረዝሟል። ከፊት የቆመችው ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ምላሷ ከመቀሷ ይስላል። ጋሽ ሞልቶ እንደ ልማዱ ቀድቶ ብርጭቆውን አነሳ፤ ግን ወደ አፉ ማድረስ አቃተው። ሁሉም ያዩታል።

ይህን ጊዜ የጓዳው በር ተከፈተና ሚስቱ ወጣች። ሻሿ አፍንጫዋ ላይ አልነበረም። ብርጭቆውን ከእጁ ተቀበለችው።

«ወተቱ ደህና ነው፤ ያስቸገረው የእሱ ሆድ ነው፣ ሐኪም አይታዋለች። ከዛሬ ጀምሮ የምቀምሰው እኔ ነኝ» አለችና ዓይኗን ጨፍና እስከ ታች ጨለጠችው። ፊቷ ተጨማደደ፣ እንባዋ መጣ፣ ዋጠችው።

ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ጆጓን ዘረጋች።

«የእሱማ ምን ምስክር ነው፣ የራሱን ዕቃ ነው የሚያሞግሰው። አንቺ ከጠጣሽው ግን ምን ቀረ። ሁለት ሊትር ስፈርልኝ።»

ሰዉ ሳቀ፤ ጆጎች ተዘረጉ። ጋሽ ሞልቶ መስፈሪያውን አነሳ፣ ግን መልሶ አስቀመጠው። ዞር ብሎ በሽርጡ ጫፍ ከላይኛው ከንፈሯ ላይ አረፋውን ጠረገላት። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ሰው ፊት እጇን እንኳ ይዟት አያውቅም።

«ነገ ግማሽ ብቻ እቀዳልሻለሁ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሙላው» አለችው፣ አፍንጫዋን ይዛ ወደ ጓሮ እየሮጠች።